ዐሥራ አንደኛው ብልቃጥ

ከጴጥሮስ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ አብረን የሠራነው ሥራ ብርድ ልብስ መጭመቅ ነው። ወፍራሙ ብርድ ልብስ ነበር፤ ውሃ ከጠጣ በኋላ አንድ ሰው ብቻውን አይችለውም። እሱ አንዱን ጫፍ፣ እኔ ሌላውን ይዘን ግቢያችን መካከል ቆመን እንጠመዝዝ ነበር። «የሊዲያ እናት፣ እጅሽ ላላ፤ ቁርስ አልበላሽም እንዴ?» አለኝ። «የላላኸውስ አንተ ነህ፤ ላም ስታይ ብቻ ነው ጉልበት የሚመጣልህ» አልኩት። ሳቀ። ውሃው ጫማው ላይ ፈሰሰ። ብርድ ልብሱን ገመዱ ላይ አሰጣነው፤ እሱም ጫማውን ቀይሮ ለሥራ ወደ ሺንሺቾ ሄደ። ከሰዓት በኋላ ስልክ ተደወለልኝ። ስትሮክ ነው አሉ። ሆስፒታል ስደርስ አንደበቱ ተዘግቶ ነበር፤ ዓይኑ ግን ያየኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን ዐረፈ።

ይህን ያስቀደምኩት እንድታዝኑልኝ አይደለም። ያን ጠዋት ብርድ ልብሱን ስንጨምቅ ልነግረው የሚገባኝ ነገር ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ጠዋትም ነበር። ሰባት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ ነበር። እኔ ግን ስለ እጁ፣ ስለ ጫማው፣ ስለ ቁርሱ አወራሁ። ሆስፒታል አልጋው አጠገብ ተቀምጬም አልነገርኩትም። መልስ መስጠት ለማይችል ሰው መንገር ግፍ መሰለኝ። ወይስ እሱም ሰበብ ነበር?

አሁን የምጽፈውን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለባሌ አልነገርኩም፤ ለልጄም፣ ለእናቴም አልነገርኩም። በእኛ ቤተ ክርስቲያን የንስሐ አባት የለም፤ ኃጢአትን በቀጥታ ለእግዚአብሔር መናዘዝ ነው የተማርነው። ለእግዚአብሔር ብዙ ጊዜ ነግሬዋለሁ። እሱ ግን ቀድሞ ያውቀዋል፤ ለሚያውቅ መንገር ደግሞ ያን ያህል አይከብድም። የከበደኝ ለማያውቅ መንገር ነው። ስለዚህ ለእናንተ እጽፋለሁ። ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው፤ አንዳንድ ቀን አንድ ዐረፍተ ነገር ጽፌ እነሣለሁ።

እኔ በሆሳዕና ዳርቻ ባለች ጤና ጣቢያ የላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ። የእኔ ሥራ ማየት ነው። ደም አያለሁ፣ ሽንት አያለሁ፣ አክታ አያለሁ፤ ያየሁትን እጽፋለሁ። ሐኪሙ የሚያክመው እኔ የጻፍኩትን አንብቦ ነው። ጴጥሮስ የእንስሳት ሐኪም ነበር። ሁለተኛ ዲግሪውን ሲማር ለመመረቂያው የመረጠው ጥናት ላሞችን ስለሚያስወርድ ሕመም ነበር። ሕመሙን የሚያመጣው ተሕዋስ ብሩሴላ ይባላል። የያዛት ላም ጥጃዋን በሰባት በስምንት ወሯ ትጥላለች። ከዚያ በኋላ ደኅና ትመስላለች፤ ትበላለች፣ ትታለባለች። ተሕዋሱ ግን ከወተቷ ጋር ይወጣል። ያንን ወተት ሳያፈላ የጠጣ ሰው ትኩሳት፣ ላብ፣ የመገጣጠሚያ ሕመም ይይዘዋል። እርጉዝ ሴት ከጠጣችው ደግሞ እንደ ላሟ እሷም ልታስወርድ ትችላለች። ጴጥሮስ ይህን ሲያስረዳኝ ያለው ነገር እስከ ዛሬ በጆሮዬ አለ። «ላሚቱንና ሴቲቱን የሚጥላቸው ያው አንድ ተሕዋስ ነው። ለላሚቱ ሐኪም ይጠራላታል፤ ሴቲቱን ግን እርግማን አለባት ይሏታል።»

በእኛ አገር ሴቶች ዊጆ አለን። አንድ ላም ያላት ሴት ብቻዋን ብትንጥ የምታገኘው ቅቤ መዳፍ አይሞላም። ስለዚህ ጎረቤታሞች ወተታችንን ለአንዷ እናዋጣለን፤ ተራዋ የደረሰች ሴት የሁላችንንም ወተት አጠራቅማ፣ አርግታ ትንጠዋለች። ቅቤው የእሷ ነው፤ አሬራውን ልጆችና እርጉዞች ይጠጡታል። በሚቀጥለው ጊዜ ለሌላዋ ይዋጣል። ወተት ወደ ዊጆ ከገባ በኋላ የማን ላም ወተት እንደሆነ የሚለየው የለም። ሁሉም አንድ ዕቃ ውስጥ ገብቶ አንድ ይሆናል።

የእኛ ዊጆ ስምንት ሴቶች ነበሩበት። ሰባታችን በልጆቻችን ስም ነው የምንጠራው፤ የደጀኔ እናት፣ የሊዲያ እናት፣ የአብነት እናት እየተባልን። በገዛ ስሟ የምትጠራው ዘነበች ብቻ ነበረች። ዘነበች ከዱራሜ በኩል ተድራ የመጣች የከምባታ ልጅ ናት፤ ባሏ መምህር ነው፤ ግቢያችንን የሚለየው የእንሰት ተክል ብቻ ነው። እኔ ሀዲያ ነኝ፤ ከእሷ ጋር ግን ስንስቅም ስንኮራረፍም በአማርኛ ነው። ከተጋቡ አራት ዓመት አልፏቸው ነበር። ጴጥሮስ ጥናቱን በጀመረበት ክረምት፣ ከሰባት ዓመት በፊት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አረገዘች። ሦስት ወሯ ነበር።

ጴጥሮስ ጥናቱን ከጎረቤት ሊጀምር ፈልጎ ከሴቶቹ ጋር ለመነጋገር በትልቋ ሴት፣ በደጀኔ እናት ደጃፍ ሰበሰበን። ወተት አፍልታችሁ ተጠቀሙ አለ። የደጀኔ እናት ጎንበስ ብላ ከሥር ወደ ላይ አየችው።

«አንተ ልጅ፣ የተፈላ ወተት ቅቤ ይወጣዋል? እናትህ አንተን ያሳደገችህ አፍልታ ነው?»

«እናቴ ዐሥር አርግዛ አራት ነው ያሳደገችው፣ እማማ» አላት።

 የአብነት እናት፣ ወሬ ሲከብድ የማትወድ ሴት ናት፣ «እንግዲህ ላሞቻችንን እሁድ ቤተ ክርስቲያን ወስደን እጅ እናስጭንባቸዋ!» ብላ ሁላችንን አሳቀችን። ጴጥሮስም ሳቀ። «እጅ የምጭንባቸው እኔ ነኝ፤ መርፌ ይዤ ነው እንጂ» አለ። ዘነበች ከኋላ ሆና፣ «እኔ እንኳ ባለፈው ከነገርከኝ ወዲህ እያፈላሁ ነው ዶክተር፤ ባሌ ግን ጣዕሙ ሞተ ብሎ ያኮርፋል» አለች።

በመጨረሻ የደጀኔ እናት ፈረደች። «መርምርልን። የታመመች ላም ከተገኘች ከዊጆ ትውጣ፤ እስከዚያ ሁሉም ያፍላ። ሁሉም ንጹሕ ከሆነ ደግሞ አንተ አፍህን ትዘጋለህ፤ እኛም እንደ ልማዳችን እንንጣለን።» ሁሉም እሺ አለ። እኔም እሺ አልኩ። የእኔ ድምፅ ከሁሉም ይበልጥ ጎልቶ ተሰማ መሰለኝ፤ የሐኪሙ ሚስት ነበርኩና።

የስምንታችን ላሞች ዐሥራ አራት ነበሩ። ጴጥሮስ ከየአንገታቸው ደም ቀዳ። የእኛ ላም ዳለቻ ነበረች፤ ሳገባ አባቴ የሰጠኝ ናት። ባለፈው ዓመት ጴጥሮስ ለትምህርት ርቆ ሳለ ጥጃዋን ጥላ ነበር። ጭቃ አዳልጧት ነው አልን፤ እሱም ሲመጣ ጭቃ አዳልጧት ነው ብዬ ነገርኩት። አምኜ ነው የነገርኩት? ግማሽ ልቤ አምኖ ነበር። ግማሹ ደግሞ ላብራቶሪ ውስጥ የሚውል ልብ ነው፤ ያ ግማሽ ተጠራጥሮ ነበር።

ውጤቱን እሱ ራሱ አላነበበውም። «ሰው ለገዛ ላሙ ዳኛ አይሆንም። አንቺ አንብቢልኝ፤ የማን እንደሆነ ሳታውቂ» አለኝ። ብልቃጦቹ ላይ ቁጥር ብቻ ነበር፤ ቁጥርና ስም ያለበትን ደብተር ቆለፈበት። የእኛን ላም ደም ሲቀዳ ግን ገመዷን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ብልቃጡን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ሲጽፍበት አየሁ። ዐሥራ አንድ። ዓይኔን ማዞር ነበረብኝ። አላዞርኩም።

ምርመራው ቀላል ነው። ከደሙ ተለይቶ ከጠራው ፈሳሽ አንድ ጠብታ ነጭ ሳህን ላይ ይደረጋል፤ ከአጠገቡ አንድ ጠብታ ሮዝ መድኃኒት። በስንጥር ይደባለቃል፤ ሳህኑ እየተወዛወዘ አራት ደቂቃ ይጠበቃል። ደሙ ንጹሕ ከሆነ ሮዙ ለስላሳ እንደሆነ ይቀራል። ሕመሙ ካለበት ግን ይቋጠራል፤ እንደ ተበላሸ ወተት ይቆራረጣል። እስከ ዐሥር ያሉት ለስላሳ ነበሩ። ዐሥራ አንደኛው አራት ደቂቃ አላስጠበቀኝም። በመጀመሪያው ደቂቃ ተቋጠረ።

ሳህኑን አጠብኩት። ደገምኩት። ተቋጠረ። እንደገና አጠብኩት። መድኃኒቱ ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ ዐሥራ ሁለተኛውን ሠራሁ፤ ለስላሳ ነበር። ዐሥራ ሦስተኛውም፣ ዐሥራ አራተኛውም ለስላሳ ነበሩ። መድኃኒቱ አልተበላሸም ነበር። ከዚያ እስክሪብቶዬን አነሣሁና በዐሥራ አንድ ቁጥር ትይዩ «ኔጋቲቭ» ብዬ ጻፍኩ።  እኔ ነኝ የጻፍኩት። ማንም አላስገደደኝም፤ ማንም አልለመነኝም። አየሁ፤ ያየሁትን ሳይሆን ያላየሁትን ጻፍኩ።

ለምን? ትልቅ ምክንያት ቢኖረኝ ደስ ባለኝ። ከመስቀል በፊት ያለው የዊጆ ተራ የእኔ ነበር። ያሆዴ፣ የእኛ የሀዲያ መስቀል፣ እየደረሰ ነበር፤ የጴጥሮስ ዘመዶች ከየቦታው ይመጣሉ። አተካናው፣ ከቡላ የሚሠራው የበዓል ምግባችን፣ ቅቤ ካልዋኘበት የቤቱ ሴት ስሟ ለዓመት ይነሣል። ባለፈው ዓመት የጴጥሮስ ታላቅ እህት በእንግዳ ፊት፣ «የወንድሜ ሚስት ላብራቶሪ ስለሆነች ቅቤም በጠብታ ነው የምትሰጠው» ብላ ቤቱን በሳቅ ሞልታው ነበር። ያ ሳቅ ዓመት ሙሉ ውስጤ ቆይቷል። ላሜ ከዊጆ ብትወጣ ተራዬም ይወጣል። የሐኪሙ ሚስት ላም ስምንት ቤት አበላሸች መባሉም አለ። በቃ፤ ይኸው ነው። ለቅቤና ለስም ነው ያደረግኩት። ለያሆዴ የቀረበው አተካና በቅቤ ተጥለቅልቆ ነበር። እህቱ እጄን ስማ መረቀችኝ።

ጴጥሮስ ውጤቱን ሲያነብ ፊቱ በራ፤ ከዚያ ትንሽ ተከዘ። የጥናት ሰው ነበርና ምንም አለማግኘትም ያሳስበዋል። «ሁሉም? አንድ እንኳ?» አለኝ። «አንድ እንኳ» አልኩት። ፖዘቲቭ የሆነ ደም ቢኖር ለማረጋገጫ ወደ ትልቅ ላብራቶሪ ይላክ ነበር። ስላልነበረ የተላከ አልነበረም። ስለዚህ የእኔን ቃል የሚፈትሽ ሌላ ዓይን አልተገኘም።

ወደ ደጀኔ እናት ደጃፍ ተመልሰን ሄድን። «ላሞቻችሁ ከእኔ ይልቅ ጤነኞች ናቸው» አላቸው። ሴቶቹ እልል አሉ። የደጀኔ እናት፣ «በል እንግዲህ፣ እንደ ቃልህ አፍህን ዝጋ!» አለችው። ያኔ ዘነበች ብድግ አለች። ሆዷ ገና አይታይም ነበር፤ እጇን ግን ሆዷ ላይ አድርጋ ነበር።

«ዶክተር፣ እንግዲህ እኔም ጥሬውን ልጠጣ?»

ጴጥሮስ አመነታ። ሐኪም ነውና ለእርጉዝ ሴት አፍልታ እንድትጠጣ ሊነግራት አፉን ሲከፍት አየሁት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ፤ ምርመራውን ያነበብኩት እኔ ነኝና። በዓይኑ ጠየቀኝ። እኔም ራሴን ነቀነቅኩ። አዎ ብዬ ነቀነቅኩ።

«ደስ ካለሽ ጠጪ» አላት።

የጻፍኩትን ቃል ባስታውስ ያቃጥለኛል። ያን መነቅነቅ ሳስታውስ ግን የምተኛበት ቦታ አጣለሁ። ቃሉን ስጽፍ ፊቴ ያለው ወረቀት ነበር። ራሴን ስነቀንቅ ግን ፊቴ ያለችው ሴት ነበረች።

ሌላም አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌሎቹ ማፍላት ሲያቆሙ እኔ በቤቴ ማፍላቴን ቀጠልኩ። ያን ጊዜ የስድስት ዓመት ልጅ ለነበረችው ለሊዲያ ሁልጊዜ አፍልቼ ነበር የምሰጣት። ጴጥሮስ አይቶ፣ «አንቺስ ከእኔ ባስሽ፤ ንጹሕ ነው ካልኩ በኋላም ታፈያለሽ?» ብሎ ቀለደብኝ። ልጄን ጠበቅኩ። ከዚያችው ላም የታለበውን፣ ያልተፈላውን፣ ጠዋት ጠዋት ወደ ዊጆ ላክሁ። ይህን ሳደርግ ምን እያሰብኩ ነበር? ብዙ ወተት ውስጥ ትንሽ ነው ብዬ አሰብኩ። አንዳንድ ሰው ጠጥቶም አይታመምም ብዬ አሰብኩ። ከመስቀል በኋላ ላሟን አስወጣታለሁ ብዬ አሰብኩ። ሰው ክፉ ሲሠራ አሳብ አያጥረውም።

ጥቅምት ላይ ዘነበች ጤና ጣቢያ መጣች። ማታ ማታ አንሶላዋን የሚያርስ ላብ፣ ጠዋት የሚለቅ ትኩሳት፣ ወገብና ጉልበት። ጤና መኮንኑ የወባ ምርመራ አዘዘላት። ደሟን የቀዳሁት እኔ ነኝ። «ቀስ በይ የሊዲያ እናት፤ ለሁለት ሰው ነው የምትወጊው» ብላ ሳቀችብኝ። ወባ አልነበረም። ከጥናቱ የተረፈ ሮዝ መድኃኒት ማቀዝቀዣው ውስጥ ነበረኝ። ማንም ሳያዘኝ፣ በሩን ዘግቼ፣ ከዘነበች ደም አንድ ጠብታ ሳህኑ ላይ አደረግኩ።

ተቋጠረ።

ጤና መኮንኑ ዘንድ ሄድኩ። ልናገር ብዬ ነበር የሄድኩት፤ እመኑኝ አልላችሁም። «ምናልባት ሌላ ነገር ይሆናል» አልኩት። «ምን ሌላ?» አለኝ። ቀና ብሎ ጠበቀኝ። ጥሩ ሰው ነበር፤ ብነግረው ይሰማኝ ነበር። «እኔ እንጃ» አልኩት። የታይፎይድ መድኃኒት ጻፈላት። እኔም ወደ ክፍሌ ተመልሼ ሳህኑን አጠብኩት።

ኅዳር ውስጥ፣ በስድስተኛ ወሯ፣ አስወረዳት። ወንድ ነበር። ባሏ በጨርቅ ጠቅልሎ እንሰቱ ሥር ሲቀብረው በእኛ በኩል ሆኜ አየሁት። አካፋውን ያበደርነው እኛ ነን።

ላብራቶሪ ውስጥ የምሠራ ሴት ነኝ፤ የሚባለውን አውቃለሁ። ፅንስ በብዙ ምክንያት ይወርዳል። ደም ተቋጠረ ማለት ሕፃኑን የገደለው ያ ነው ማለት አይደለም። ምናልባት ከምርመራው በፊትም ተይዛ ይሆናል። ምናልባት ከዱራሜ ከእናቷ ቤት ይዛው መጥታ ይሆናል። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ሰባት ዓመት በዚህ እውነት ውስጥ ተደብቄያለሁ። ግን የትም ትያዘው፣ በጥቅምት የደሟን ነገር አውቅ የነበርኩ በዓለም ላይ እኔ ብቻ ነበርኩ። አውቄ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። ሳይንሱ ለእኔ አልመሰከረም፤ እኔ ነኝ አፉን ዘግቼ በስሙ የማልኩት።

ከዚያ በኋላ ጴጥሮስን ላሟ አርጅታለች እያልኩ ነዝንዤ አሸጥኳት። የሙዱላ ሰው ነኝ ያለ አንድ ገበሬ ከገበያ ነድቶ ወሰዳት። ጡቷን ዳብሶ «ወተታም ናት» ሲል ደስ አለው። ከዚያ ወዲያ በማን ግቢ ታለበች? ወተቷንስ ማን ጠጣ? አላውቅም፤ ላውቅም አልችልም። ያንን ገበሬ ብፈልገው የት አገኘዋለሁ? ከግቢዬ ሳወጣት ከእኔ የወጣች መስሎኝ ነበር።

ዘነበች ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለት ጊዜ አስወረዳት። የባሏ ዘመዶች ሌላ ሴት እንዲያገባ ይጎተጉቱት ጀመር፤ እሱ እስከ ዛሬ እምቢ እንዳለ ነው። በቤተ ክርስቲያን ጾም ጸሎት ታወጀላት። ወንጌላዊው፣ ስለ ተዘጋ ማህፀን፣ ስለ ቤተሰብ እርግማን፣ ስለ ተደበቀ ኃጢአት ጸለየ። «በመካከላችሁ የተደበቀ ነገር ካለ» ብሎ ዘነበችን አያት። እህቶች ሆዷ ላይ እጅ ጫንን። እኔም ጫንኩ። ብልቃጡን የያዘው፣ ያን ቃል የጻፈው እጅ ነው። ከእጄ ሥር ሆዷ በልቅሶ ሲንቀጠቀጥ ይሰማኝ ነበር። የተደበቀውን ኃጢአት ከእሷ ዘንድ ሲፈልጉት እኔ አጠገቧ ቆሜ አሜን እል ነበር።

ጴጥሮስ ተመረቀ። ጥናቱ ጥራዝ ሆኖ መደርደሪያችን ላይ አለ። ከሞተ በኋላ፣ ሰው ሁሉ ሲሄድ፣ አውርጄ አነበብኩት። ስለ እኛ ሠፈር በተጻፈው ሰንጠረዥ ላይ ዜሮ አለ። እሱ በዚያ ዜሮ ይኮራ ነበር፤ ሥልጠና ሲሰጥ፣ ሰው ሁሉ ስለ ሕመሙ ሲጠይቀው፣ «በእኛ ሠፈር ግን የለም፤ እኔ ራሴ አጥንቼዋለሁ» ይል ነበር። መግቢያው ላይ፣ ምስጋና ከተጻፈበት ገጽ፣ «ለባለቤቴ፣ ለማይስተው ዓይኗ» ይላል። ያንን ሲጽፍ ስንት ጊዜ አስቦበት ይሆን? ጥንቁቅ ሰው ነበር፤ ቃል አያባክንም። ባሌን በሕይወት ሳለ ዋሸሁት፤ ሞቶም ውሸቴን በስሙ ተሸክሞልኝ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። አሁን እንዴት አድርጌ ከእሱ ላይ ላነሣው እችላለሁ? የማስተካክለውስ ለማን ብዬ ነው?

በለቅሶው ሰሞን ማን ከጎኔ አልለይ እንዳለ ገምታችሁ ይሆናል። ዘነበች ናት። ሦስት ሳምንት ከእኔ ጋር ፍራሽ ላይ አደረች። ጸጉሬን አበጠረችልኝ። አልበላ ስል፣ «አልቅሰሽ ለመጨረስም እኮ ጉልበት ያስፈልጋል፤ ጉረሺ» እያለች አጎረሰችኝ። ሊዲያን ትምህርት ቤት የምትሸኝልኝ እሷ ነበረች። አንድ ቀን ጠዋት ከፍራሹ ልትነሣ ስትል ግን አቃታት። ወገቧን ይዛ፣ ግድግዳውን ተደግፋ፣ ጥርሷን ነክሳ ቀረች። «ምንም አይደለም፤ እኔ እኮ ያለ ዕድሜዬ አሮጊት ነኝ» አለችኝ። ከመቼ ጀምሮ ነው ብዬ ጠየቅኳት። «ከዚያ ከመጀመሪያው ልጄ ጀምሮ ነው» አለች። ልጄ ነው ያለችው።

ሐዘኔ ውስጥ ሆኜ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ዝም ማለት አቃተኝ። ወደ ሥራ ስመለስ ይዣት ሄድኩ። ሳህኑን፣ ከጴጥሮስ መሥሪያ ቤት የለመንኩትን አዲስ ሮዝ መድኃኒት፣ ስንጥሩን አዘጋጀሁ። በዓይኗ እያየች ነበር። ከሰባት ዓመት በኋላም ተቋጠረ።

«ይኸውልሽ፣ ሕመም ነው» አልኳት። «ስም አለው። መድኃኒትም አለው።»

ዘነበች ሳህኑን ረጅም ጊዜ አየችው። «ሕመም ነው?» አለች። «የኔ ኃጢአት አይደለም?»

«አይደለም።»

«የእናቴም አይደለም?»

«ያንቺም፣ የእናትሽም አይደለም።»

ሳቀች። እየሳቀች አለቀሰች። እጄን ይዛ ሳመችው፤ ላስለቅቃት ብሞክር አጥብቃ ያዘችኝ። «እግዚአብሔር አንቺን ለእኔ አስቀመጠሽ» አለችኝ። ከዚያ ዓይኗን በነጠላዋ ጠርጋ እንደ ሕፃን ልጅ ጠየቀችኝ፤ «ከየት ነው የሚመጣው?»

«ከወተት» አልኳት።

«ከየትኛው ላም?»

በሩ ተከፍቶልኝ ነበር። ከዚህ የሰፋ በር ሰው አይከፈትለትም። የሚያስፈራኝ ባል አልነበረኝም፤ የሚበላሽ ዲግሪ፣ የሚደርስ ተራ፣ የሚመጣ እንግዳ አልነበረም። ቅቤ አልነበረም። ምንም አልነበረኝም። እኔና እሷ፣ በመካከላችንም ያ ሳህን።

«እሱ እንኳ አይታወቅም» አልኳት።

ያረጀ በደል ልናዘዝ ተቀምጬ ይኸው የባለፈውን ወር በደል እየተናዘዝኩ ነው። የሰባት ዓመቱን ያደረገችው ለስሟ የምትሳሳ ወጣት ሴት ናት ብዬ ላሳብብ እችል ነበር። የአሁኑንስ ማን አደረገው?

አሁን ዘነበች ሕክምና ላይ ናት። ክኒኑን ስድስት ሳምንት ትውጣለች፤ መርፌውን በየጠዋቱ ጤና ጣቢያችን መጥታ ትወጋለች። ሕመሟ እየቀለላት ነው። ልጅ የመውለድ ዕድሜዋ ግን እያለፈ ነው፤ ሁለታችንም እናውቃለን፣ አናነሣውም። ሕክምናዋን ስትጨርስ እነግራታለሁ ብዬ ለራሴ ቃል ገብቻለሁ፤ አሁን ብነግራት ተናድዳ መርፌውን ታቋርጣለች ብዬ። ይህንንም ምክንያት ደግሜ ደጋግሜ መረመርኩት። ከመስቀል በኋላ ላሟን አስወጣታለሁ እንዳልኩት ያለ ነው። ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ይቅርታው የእሷ ነው፤ እሷ ደግሞ ይቅር የምትለው ነገር መኖሩን አታውቅም።

በየጠዋቱ ከመርፌ ክፍል ስትወጣ ወደ ላብራቶሪዬ መስኮት ትመጣለች። አንገቷን አስግጋ፣ «እግዚአብሔር ልጅሽን ያሳድግልሽ፣ የሊዲያ እናት» ትለኛለች። እኔም አሜን እላለሁ።